በክንድ የሚሞላ ሰዓት

አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ
ጥቅምት 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለበፍቃዱ፤

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ አክስትህ የሺዓለም ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬ ደህና ናት። ጎረቤታችን ዘርፌ ደህና ናት፤ አፏ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ነው። ጋሼህ አጥናፉም ሰላም ብሎሃል። የላክሁልህ ሹራብ እጅጌው አጠረኝ ብለሃል። ክንድህ በፈረንጅ አገር እንደሚረዝም ማን ነገረኝ? ከኮት ሥር ልበሰው፣ ማን ያይብሃል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና ሰኔ ላይ በሰው እጅ ለአጥናፉ የላክህለት ሰዓት ይቆማል። አንዴ ቆሞ ቢሆን አልጽፍልህም ነበር። ይቆማል፣ ነቅነቅ ሳደርገው ይነሳል፣ ደሞ ይቆማል። እንደ ልጅ ያኮርፋል። ጨነቀኝና ፒያሳ ወጥቼ ለአብርሃ ለሰዓት ሠሪው አሳየሁት። ጀርባውን ከፍቶ፣ ያቺን አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብዙ ካየው በኋላ፣ «እትዬ የሺ፣ ይሄ ሰዓት ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል። ምንም የለበትም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ይቆማል?» አልኩት።

«ኦቶማቲክ እኮ ነው። ክንድ ነው የሚሞላው። ለመሆኑ ጋሽ አጥናፉ ሰሞኑን...» ብሎ ወሬ ሲጀምረኝ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት ብዬ ሰዓቱን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። ድስት አልጣድኩም ነበር።

ፋሲካ ላይ በጻፍክልኝ ደብዳቤ፣ በምትማርበት ፋብሪካ ውስጥ ኦቶማቲክ ሰዓቶችን ደርድሮ ቀንና ሌሊት የሚያሽከረክር መንኮራኩር አለ ብለህ ነበር። ያኔ ሰዎቹ ሥራ አጡ ብዬ ስቄ ነበር። አሁን ግን እፈልገዋለሁ። እንደዚያ ያለ፣ አንድ ሰዓት ብቻ የሚይዝ ትንሽ ነገር ካለ በሰው ላክልኝ። ጓዳ ውስጥ አስቀምጬ ሰዓቱን አሽከረክርበታለሁ።

አንድ ሰዓት ምን አስጨነቀሽ ትለኝ ይሆናል። ቤቴ ውስጥ የቆመ ሰዓት ማየት አልወድም፣ በቃ። ሌላ ነገር እንዳታስብ። ደብዳቤህ ሁልጊዜ ጠርዙ ተቀዶ፣ እንደገና በሙጫ ተለጥፎ ነው የሚደርሰኝ። ስለዚህ አላበዛም። እመብርሃን ከነትምህርትህ ትጠብቅህ።

አክስትህ የሺዓለም


ድሬስደን አቅራቢያ
ኅዳር 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ የሺዓለም፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሹራቡንም እርስዎ እንዳሉት ከውስጥ ለብሼዋለሁ።

ስለ ሰዓቱ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሰዓቱ ጀርባ ግማሽ ክብ የሆነ ከባድ ብረት አለ። ክንድ ሲንቀሳቀስ ብረቱ ይዞራል፣ እሱ ሲዞር ውስጥ ያለው ሞላ ይጠቀለላል። ሰዓቱ የሚሄደው ያ ሞላ ቀስ እያለ ሲፈታ ነው። አንዴ በደንብ ከሞላ፣ አውልቀው ቢያስቀምጡት እንኳ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ማታ ፈትቶ ጠዋት ቢያስረው አይቆምም።

መንኮራኩሩ የተሠራው ገና ክንድ ላላገኙ ሰዓቶች ነው። እዚህ እስኪፈተኑና እስኪሸጡ ድረስ እሱ ላይ ይዞራሉ። ትልልቅ ሱቆችም ገዢ ሲመጣ ቆሞ እንዳያፍሩበት አንዳንድ ያኖራሉ። ሰው ያሰረው ሰዓት ግን ምንም አያስፈልገውም። መምህራችንን ጠየቅሁት፣ «ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው እንኳ ይሞላዋል» አለኝ።

ያልገባኝም ይኸው ነው። ጋሼ አጥናፉ ቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ ሰው አይደሉም። ከማለዳ እስከ ማታ በቀኛቸው ሲኒ እየደረደሩ በግራቸው የማኪያቶውን ማሽን እጀታ የሚስቡ ሰው ናቸው። ኬክ ቤቱ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያን ክንድ ያውቀዋል። እዚያ ክንድ ላይ የታሰረ ሰዓት እንዴት ይቆማል? ወይስ ለክት ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል? ከሆነ እባክዎ እንዲያስሩት ይንገሯቸው። ለሥራ እንጂ ለክት አልላክሁትም።

ለጊዜው ግን በጎኑ ያለችውን ትንሽ መሙያ፣ ወደ ውጭ ሳይስቧት ወደ ፊት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቢያዞሯት ብቻዋን ትበቃዋለች። ኦቶማቲክ ነው ተብሎ በእጅ አይሞላም ማለት አይደለም።

ጋሼ በእጃቸው ሁለት መስመር እንዲጽፉልኝ ይለምኑልኝ። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ጽሕፈታቸውን አላየሁም።

ልጅዎ በፍቃዱ


አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድህ ለበፍቃዱ፤

ለዓመቱ የልደት በዓል በሰላም ያድርስህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ፤ መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ውይይት አለ፤ አልቀርም፣ የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል። ስኳር በዚህ ወር አልመጣም። ዘርፌ ሻይ በማርመላታ ጠጪ ብላ አስተማረችኝ። አንጀቴ እንደ ጥሩምባ ሲጮህ ነው የሰነበተ።

እንዳልከኝ መሙያዋን አዞርኳት። ሰዓቱ ሄደ። ግን በእጅ መሙላቱ አልተመቸኝም፤ ምክንያቱን አትጠይቀኝ። ያን የሚያሽከረክረውን ነገር አሁንም ብታገኝልኝ ደስ ይለኛል።

አጥናፉ እንዲጽፍልህ ነግሬዋለሁ። መነጽሩ ተሰብሮበት ነው። ኬክ ቤቱም ማሽኑን እያደሱት ስለሆነ ጥቂት ቀን አርፏል። ይኸው ነው። ብርድ አይምታህ።

አክስትህ የሺዓለም


ድሬስደን አቅራቢያ
ጥር 17 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ። ዛሬ ሌላ ሰላምታ ለማብዛት ትዕግሥቱ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ አጥናፉ መነጽር አያደርጉም። ጤፍ በምታክል ፊደል የተጻፈ ጋዜጣ በአምፖል ብርሃን ሲያነቡ ነው ያደግሁት። ማሽኑን እያደሱት ነው ያሉትንም አንብቤ ላምንዎ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። ስለዚህ ከታች የምጽፍልዎትን አደረግሁ።

ከፋብሪካው የጋሼን ሰዓት ታናሽ ወንድም፣ ማለት ያንኑ ዓይነት ሰዓት ለሙከራ ተውሼ ግራ እጄ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ክንዴን በሻርፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ሳልነቀንቀው በላሁ፣ ሳልነቀንቀው ክፍል ገባሁ፣ እንደዚያው አድርጌ ተኛሁ። ጓደኞቼ ምን ሆንክ ሲሉኝ በረዶ ላይ ወደቅሁ አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዓቱ ቆመ።

አክስቴ፣ አሁን ገብቶኛል። የሚሠራ ክንድ ላይ ያለ ሰዓት አይቆምም። የሚቆመው ክንዱ ከቆመ ነው። ጋሼ ምን ሆነዋል? ወድቀው ነው? ተሰብረው ነው? ወስደዋቸው ከሆነም ይንገሩኝ፤ ሌላ ቃል ፈልገው ይጻፉልኝ፣ ይገባኛል። ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ከመኝታ ቤቱ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ስመላለስ ነው የምውለው። እውነቱን ካልነገሩኝ ከዚህ ተነሥቼ እመጣለሁ።

በፍቃዱ


አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ
የካቲት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ በፍቃዱ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። አንተ ልጅ፣ ክንድህን አንጠልጥለህ ሁለት ቀን ተቀመጥክ? ሳነበው ሳቅሁም አለቀስኩም፤ ዘርፌ ምን ነካሽ አለችኝ፣ ሽንኩርት ነው አልኳት። አሁን እውነቱን ልጻፍልህ። ማንም አልወሰደው፤ እቤቱ ነው።

የመስቀል ማግስት፣ ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ለሰው ማኪያቶ ሊያወጣ እጀታውን ስቦ መልሶ መያዝ አቃተው። እያየው እጁ ከእጀታው ላይ ተንሸራተተ። ባንኮኒውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ተሸክመው አመጡልኝ። ሐኪም ቤት ደም ብዛት ነው አሉ። ምላሱ በሳምንቱ ተመለሰ። እግሩንም እየጎተተ እስከ በር ይሄዳል። ግራ ክንዱ ግን አልተመለሰም። ኬክ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። አልተቀየምናቸውም፤ በየሳምንቱ ኬክ ይልኩለታል። እሱ አይነካውም፣ ዘርፌ ትበላዋለች።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ቢኖር ያን ሰዓት ነው። ወደ ቀኝ እጅህ ላዙርልህ ብለው፣ «ቦታው እዚያ ነው» አለኝ። ምላሱ ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ የቆመ ቀን ቀድሞኝ ያየው እሱ ነው። «ይኸው፣ እሱም አውቆታል» አለ፣ ምሳውንም አልበላም። እኔ ያን ቀን ነው አብርሃ ዘንድ የሮጥኩት። አንተ በእጅ ይሞላል ስትለኝ ደስ ብሎኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳዞረው፣ «ለሞተ ክንድ ሰዓት ትሞያለሽ?» አለኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ያን የሚሽከረከር ነገር የለመንኩህ ለዚህ ነው። ሲተኛ ፈትቼ ጓዳ ውስጥ አሽከረክረውና ሲነቃ እየሄደ ያገኘዋል ብዬ ነው። ሰዓቱ በቆመ ቁጥር ሰውዬው እየራቀብኝ ነው። እፈራለሁ በፍቃዱ። ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ እዚያ ክንድ ላይ ነው የሚውለው፤ ስንት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ መሰለህ።

ያልነገርኩህ ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ነው። አንድ ዓመት ቀርቶሃል። አሁን ከመጣህ ቦታህን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ከዚህ ደግሞ ተመልሶ ለመውጣት ማን ወረቀት ይፈርምልሃል? አጥናፉ ስለ ራሱ አያወራም፣ ስለ አንተ ግን፣ «እንዳትጽፊለት» ብሎ አስምሎኛል። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ። ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ።

የሺዓለም


ድሬስደን አቅራቢያ
መጋቢት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

ለእርስዎ ብርታቱን፣ ለጋሼም ምሕረቱን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ትምህርት አልገባሁም። አባቴ ከሞተ በኋላ ጋሼ በዚያ ክንድ ሠርተው ነው ያሳደጉኝ። እኔ ደግሞ ልኬላቸው ያስደሰትኳቸው መስሎኝ፣ በየቀኑ ሕመማቸውን የሚነግራቸው ነገር ክንዳቸው ላይ አስሬባቸዋለሁ። ቢያወልቁት አይሻልም ወይ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቦታው እዚያ ነው ያሉትን ሳስብ ተውኩት።

ይህን ይዞልዎ የሚመጣው እንዳለ ይባላል። ትምህርቱን ጨርሶ የሚመለስ ጥሩ ልጅ ነው። ከእሱ ጋር ያለው የእንጨት ሳጥን የጠየቁኝ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ለግለሰብ እዚህ ሱቅ አይሸጥም፤ ከተበላሸ የሸክላ ማጫወቻ ሞተር አውጥቼ ራሴ ሠራሁት። ሶኬት ላይ ሲሰኩት ቀስ እያለ ይዞራል፣ ድምፅም የለውም። እንደ ባለሙያ ቢጠይቁኝ ያ ሰዓት ይህን አያስፈልገውም እላለሁ። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለመምጣት አመልክቻለሁ። ትምህርት ቤቱም ኤምባሲውም መልስ እስኪሰጡ ወራት ይፈጃል። ቦታዬን እንደማጣ አውቃለሁ። አይቆጡኝ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ እኔ እዚህ የሰው ሰዓት እየፈታታሁ ልቀመጥ አልችልም።

በፍቃዱ


አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ
ሚያዝያ 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለበፍቃዱ፤

የእጅህን ሥራ ያሳየኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እንዳለ መጣ። እጀ ሰፊ ልጅ ነው፤ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ ነው የገባው። እኔ ወደ ጓዳ ላስገባው ስል፣ ምስኪን ልጅ፣ ምን እንደሆነ አያውቅ፣ አጥናፉ ፊት ከፍቶ ሰካው። መዞር ጀመረ።

አጥናፉ ዞሮ አየው። ብዙ ጊዜ አየው። «ምንድነው?» አለ።

«ለሰዓቱ ነው፣ እሱ ላይ ሲያስቀምጡት ይሞላል» አለ እንዳለ።

«እኔ ብታመም ለሰዓቱ ሞግዚት ላከለት?» አለና ሳቀ። ከመስቀል ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አንሡልኝ» አለ። «ክንዴ ላይ ካልሆነ የትም አይሄድ።» አሁን ማሽንህ ቡፌው ላይ ሻሽ ለብሶ ተቀምጧል።

ማታውን እልህ ያዘኝ። ሐኪም ቤት በቀኝ እጅህ እየያዝክ ግራውን አንሣው፣ አውርደው፣ ካልሠራህበት ጭራሽ ይደርቃል ብለውት ነበር፤ አንድ ቀን ሞክሮ አያውቅም። «ስማ» አልኩት፣ «ማሽኑን ከጠላህ አንተ ሙላው። በፍቃዱ ጽፏል፤ ክንዱ በሌላ እጅ ቢነሣም ሰዓቱ ይሞላል ብሏል።» አንተ እንዲህ ብለህ አልጻፍክም፤ በስምህ ዋሸሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ጠዋት ግን ክንዱን ይዞ ሦስት አራት ጊዜ ሲያነሣው በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ላብ አጠመቀው፣ ሰደበውና ተወው። ሰዓቱም ሊቆም እያዘገመ ነበር።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፤ ለማንም አልነገርኩም። በማግስቱ ፊቱን ሳጥበው ውኃ እንዳይነካው ብዬ ሰዓቱን ፈታሁና ጀርባዬን ሰጥቼው መሙያዋን አዞርኳት። መልሼ አሰርኩለት። ሲመሽ አየው፤ ይሄዳል። ራቱንም በላ። በማግስቱ ክንዱን እንደገና አነሣ። እኔም እንደገና ሞላሁ። ይኸው አሁን በየጠዋቱ እሱ ትንሽ ያነሣል፣ እኔ ተደብቄ እሞላለሁ። በር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከመንገደኛ ጋር ይጫወታል። ትናንት ዘርፌን ኬኬን መልሺ አላት።

ደስ ብሎኛል፣ እንቅልፍ ግን የለኝም። አንድ ቀን ቢነቃብኝስ? አሁን ዳግመኛ ፊቱን ካዞረ የሚመልሰው የለም። እስቲ እንደ ባለሙያ ንገረኝ፤ እሱ ብቻውን በሚያነሣው ሰዓቱ በእውነት ይሞላል? ወይስ ዕድሜ ልኬን ልዋሸው ነው?

ስለ መምጣትህ የጻፍከውን አንብቤ ምን እንደምል አላውቅም። ናም ማለት እፈራለሁ፣ ቅርም ማለት እፈራለሁ።

የሺዓለም


ድሬስደን አቅራቢያ
ግንቦት 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

እግዚአብሔር ያበርታዎ። ቶሎ እንዲደርስዎ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

የዋሹት ውሸት አይደለም። ክንዱ በሌላ እጅም ቢነሣ ብረቱ ይዞራል፣ ሰዓቱም ይሞላል። ግን ጠዋት ሦስት አራት ጊዜ አንሥቶ መተው አይበቃም። ጠዋትም ማታም፣ ደክሟቸው እስኪያርፉ ድረስ መሥራት አለባቸው። እርስዎ መሙላቱን ቢተዉ፣ ጋሼም ለይስሙላ ብቻ የሚያነሡ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይቆማል።

ፈቃዱ ወጥቶልኛል። ሰኔ 30 ቀን የምፈርመው ወረቀት አለ፤ ከፈረምኩ ቦታዬ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፣ እኔም በሳምንቱ አዲስ አበባ እገባለሁ። ከዚያ በፊት ከእርስዎ ቃል ካልደረሰኝ እፈርማለሁ። ጋሼን ሳላያቸው መቅረቱን አልችለውም።

በፍቃዱ


አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ
ሰኔ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበፍቃዱ፤ ይድረስ ብቻ ሳይሆን ፈጥኖ ይድረስ።

ደብዳቤህን ያገኘሁት ከደብረ ብርሃን ስመለስ፣ በር ሥር ወድቆ ነው። የአጎቴ ልጅ አዳነች አርፋ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አብረን ያደግን ነን፣ መቅረት አልችልም። የቀበሌ መሄጃ ወረቀት ለማውጣት አንድ ቀን ተንከራተትኩ፤ እዚያም ሳምንት ቆየሁ። አጥናፉን ለዘርፌ አደራ ሰጠሁ። ስለ መሙያዋ ግን ምን ብዬ ልንገራት? ለዘርፌ የተነገረ ነገር ማታውን አራት ኪሎ ይሰማል። ማሽንህን እንዳልሰካ እሱ አይወድም። የወጣሁ ጠዋት እስከ መጨረሻው ሞልቼ፣ ስሜው ሄድኩ።

ለቅሶው ላይ አምርሬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ «የሺ አዳነችን እንዴት ትወዳት ነበር» አለ። እወዳት ነበር፣ ነፍሷን ይማር። ግን በሦስተኛው ቀን ያለቀስኩት ለሰዓቱ ነው። አሁን ቆሟል፣ አሁን አይቶታል፣ አሁን ፊቱን አዙሯል እያልኩ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሙት ቤት ተቀምጬ የማስበው የራሴን ቤት ብቻ ነበር።

ስመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ እንደምን ሰነበትክ ሳልለው ሄጄ ክንዱን አየሁ። ይሄዳል። ከሬዲዮው አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል እንጂ ይሄዳል። ተመልሼ ወጥቼ ዘርፌን ያዝኳት። «አንቺ፣ ሰዓቱን ነካክተሽዋል?»

«እኔ ምን ነካኝና እነካዋለሁ?» አለችኝ። «ሰውዬሽ ራሱ ነው እንጂ ክንዱን እንደ ውኃ ፓምፕ ሲያነሣ ሲጥል የሰነበተው። ማቃሰቱ በግድግዳው እየመጣ ራሴን አዞረኝ። ምን አስነክተሽው ነው የሄድሽው?»

ስገባ፣ «ዘርፌን ተያት፣ እሷ የለችበትም» አለኝ። ከዚያ የነገረኝን ልክ እንዳለኝ እጽፍልሃለሁ።

«አንቺ በሄድሽ በማግስቱ ቆመ» አለ። «ደግሞ ያስገርመኛል ብለሽ ነው? ጠዋት ጠዋት ፊቴን አጥበሽ ጀርባሽን ስትሰጪኝ ጭቅ ጭቅ ሲል እሰማው ነበር። ጆሮዬን አልመታኝም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። ሰዓቱ ሲሄድ ስታዪ ዘፈን ትጀምሪያለሽ። እኔ ራቴን የበላሁት፣ በር ላይ የወጣሁት፣ ክንዴንም ሁለት ሦስቴ ያነሣሁልሽ ያን ደስታሽን እንዳላበላሽ ነው። በእኔ በኩል ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።»

እንደዚህ ነው ያለኝ በፍቃዱ። እሱ እንዳይከፋው እኔ እዋሸዋለሁ፤ እኔ እንዳይከፋኝ እሱ ይዋሸኛል። ወራት ሙሉ።

«ቆሞ ሁለት ቀን አየሁት» አለ። «ከዚያ አንቺ ከለቅሶ ተመልሰሽ፣ ነጠላሽን ሳታወልቂ መጥተሽ ስታዪው ታየኝ። ዛሬ እንዳደረግሽው ማለት ነው። ቆሞ ብታገኚው ፊትሽ ምን እንደሚሆን አሰብኩት። ክንዴን ያዝኩና አነሣሁት። መጀመሪያ ቀን አልሄደልኝም። ማታም አነሣሁ። በማግስቱ ሦስት ጊዜ ቆሞብኝ ተነሣ። ከሬዲዮው ጋር አስተካከልኩት፣ ከዚያ በኋላ አልቆመም።»

አቅፌው አለቀስኩ፤ ይሄኛው የእሱ ነበር፣ የአዳነችም የሰዓቱም አይደለም።

አሁን እንዳላታልልህ። ክንዱ አልዳነም። ጣቶቹ አሁንም አይታዘዙም፣ ማሽን ስቦ ማኪያቶ የሚያወጣበት ቀን ይመጣል ብዬም አልምልልህም። ትከሻው ግን ትንሽ ይሰማኛል ይላል፤ ሐኪሙም ቀጥል ብሎታል። እኔ መሙያዋን ከነካሁ ይኸው ሳምንት አለፈኝ፤ እጄን ይበላኛል፣ ግን አልነካም። ማሽንህን ለአብርሃ ሰጠሁት። ሱቁ መስኮት ላይ አድርጎ ባለቤት ያጡ ሰዓቶችን ያሽከረክርበታል፤ ፒያሳ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍልህ አጥናፉ ከጎኔ ነው። ያንተን ደብዳቤ በሙሉ አነበብኩለት፤ ክንድህን በሻርፕ ያንጠለጠልክበትን፣ ማመልከቻህን፣ ሰኔ 30 የምትፈርመውን፣ ሁሉንም። መሐላዬን ማፍረሴን ሰምቶ ተቆጣ፣ ወዲያው ተወው። ክንዱን በቀኝ እጁ ይዞ ያነሣል፣ ያወርዳል፣ ያነሣል። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«ምን ልበለው?» አልኩት። «ትምህርቱን ጥሎ ይምጣ? ወይስ ጨርሶ ይምጣ?»

ማንሣቱን አላቆመም፣ ትንፋሹም ቆረጥ ቆረጥ ይላል። «እንዳይፈርም። ይጨርስ» አለኝ። «ሌላስ?» ስለው፣ ክንዱን አንድ ጊዜ አንሥቶ አውርዶ ነው የመለሰልኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ በይው።»

አክስትህ የሺዓለም